የቃል ሥፍራና የነገር ፍች
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በሆሳዕና ከተማ ተማሪ ሳለሁ አንድ ቀን በእንግሊዝኛ ትምህርት ሰዓት ተነሥቼ «አይ ኮፊ ላይክ» አልሁ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ እኔም ዓመቱን ሙሉ አፌን ዘጋሁ። አሁን ሳስበው ቃሎቹ ሁሉ ትክክል ነበሩ፤ የሳትሁት ሥፍራቸውን ብቻ ነው። ይህም ያለ ምክንያት አልሆነም። ሀዲይሳም፥ ከምባቲሳም፥ አማርኛም ግሡን በመጨረሻ ያኖራሉ። ስለዚህ በሆሳዕና ወይም በዱራሜ ሁለት ቋንቋ ይዞ ትምህርት ቤት የሚገባ ልጅ በዚህ ረገድ የሚያውቀው ሥርዐት አንድ ነው።

ዛሬ ስለ እስፓኝኛ ለመናገር የተነሣሁት ከዚሁ የተነሣ ነው። ቋንቋው ለአገራችን ፈጽሞ ባዕድ አይደለም፤ በ1970ዎቹ ዓመታት ወደ ኩባ ተልከው የተማሩት በሺሕ የሚቈጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች ያውቁታል። እስፓኝኛም እንደ እንግሊዝኛ ግሡን አብዛኛውን ጊዜ በመካከል ያደርጋል። ሆኖም ጀማሪው በእንግሊዝኛ በኩል ከሚዞር በራሱ ቋንቋ በኩል ቢሄድ መንገዱ ያጥርለታል።

እስቲ እንመልከት። «ውሻው ልጁን ነከሰ» ስንል እስፓኝኛው «ኤል ፔሮ ሞርዲዮ አል ኒኞ» ይላል። ልጁን ወደ ፊት አምጥተን «ልጁን ውሻው ነከሰው» ብንል፥ እርሱም «አል ኒኞ ሎ ሞርዲዮ ኤል ፔሮ» ይላል። በግሡ ላይ የምንጨምራት «ው» የእነርሱ «ሎ» ናት። የእኛን «ን» የምትተካው ደግሞ «አ» ናት፤ ነገር ግን በተለይ ለሰው እንደምትገባ ልብ ማለት ያስፈልጋል። ነካሹ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ወሬው ስለ ማን እንደ ሆነ ነው። በእንግሊዝኛ ግን ሁለቱን ስሞች ብናለዋውጥ ልጁ ውሻውን ነካሽ ይሆናል! ከምባቲሳ ተናጋሪ ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ በቋንቋው አድራጊውና ተደራጊው በስሙ መጨረሻ ይለያሉና።

ደግሞም «ቡና ደስ ይለኛል» የሚለው በእስፓኝኛ «ሜ ጉስታ ኤል ካፌ» ነው። በሁለቱም ደስ የሚያሰኘው ቡናው ነው፤ እኔ ተቀባይ ነኝ።

የራሳችን ቋንቋ የማይረዳን ቦታም አለ። እኛ ቅጽሉን ዘወትር ከስሙ በፊት እናደርጋለን። በእስፓኝኛ ግን «ኦምብሬ ፖብሬ» ገንዘብ የሌለው ሰው ነው፤ «ፖብሬ ኦምብሬ» ግን ሀብታምም ቢሆን የሚያሳዝን ሰው ነው።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ የጀማሪ ስሕተት ብዙ ጊዜ ድንቍርና ሳይሆን የእናቱ ቋንቋ ሥርዐት ነው። እንግዲህ መምህራን በሰሌዳው ላይ የልጁንም ቋንቋ ዐረፍተ ነገር ከአዲሱ ጎን ይጻፉለት፤ እኛም ተማሪዎች ከመሳቃችን በፊት ቃሉ ከየት እንደ መጣ እንጠይቅ። ያን ቀን አንድ ሰው ይህን ቢጠይቀኝ ኖሮ ያን ዓመት ዝም ባላልሁ ነበር።