ከጨረታ በፊት ምርመራ፦ የተበከለ የከተማ ቦታን የማጥናት ወጪ የማን ነው?

በገረሴ ከተማ ለሕዝብ የቀረበ ንግግር



ዙሪያው እንሰት በሆነ የደጋ ከተማ ስለ መሬት ብክለት ለመናገር መምጣቴ ያስገረማችሁ ትኖሩ ይሆናል። የመጣሁት ገና ጊዜ ስላለ ነው። ትንሽ ከተማ መሬቷን ለማወቅ የምታወጣው ገንዘብ፣ ትልቅ ከተማ ባለማወቋ ከምትከፍለው ዋጋ እጅግ ያነሰ ነው።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ ቆሼ በተባለው ስፍራ፣ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ ሲከማች የኖረ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች አለቁ። ቆሼ ግን ዓይን የሚያየው፣ አፍንጫ የሚያሸተው አደጋ ነበር። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የማይታየው ነው፦ የድሮ ማደያ ታንከር የተቀበረበት፣ ጋራዥ ለዓመታት የተቃጠለ ዘይት የደፋበት፣ የባትሪ አሲድና እርሳስ የፈሰሰበት፣ የፀረ ተባይ መጋዘን የነበረበት ቦታ። ሣር ይበቅልበታል፤ ላየው ሁሉ መልካም ቦታ ይመስላል።

ወጣት ተመራማሪ ሳለሁ አንዲት እናት የጉድጓዳቸውን ውኃ በጠርሙስ ይዘውልኝ መጡ። «ልጄ፣ ሻይ ሳፈላበት ጋዝ ጋዝ ይለኛል» አሉኝ። ቦታውን ያገኙት በሕጋዊ መንገድ ነው፤ ካርታም አላቸው። ከእሳቸው በፊት ምን ይሠራበት እንደነበር ግን የነገራቸው የለም። አፈሩን ለማስመርመር ገንዘብ ብጠይቅ አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው መራኝ። በመጨረሻ ውኃውን እንዳይጠጡ ከመምከር ያለፈ አላደረግሁላቸውም። ይህ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ሕጋችን ባዶ አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብትን ደንግጓል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 በካዩ እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲሸፍን ያዝዛል። ይሁን እንጂ በካዩ የሚታወቀው ከምርመራ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜም ሞቶ ወይም ከስሮ ሊገኝ ይችላል። የከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ደግሞ ለጨረታ የሚቀርብ ቦታ ከይገባኛል ጥያቄ ነጻ እንዲሆን፣ በፕላን መሠረት ተሸንሽኖ መለያ ቁጥር እንዲኖረው፣ መሠረተ ልማት እንዲደርሰው ዘርዝሯል። የአፈሩ ንጽሕና ግን በዝርዝሩ በስም አልተጠቀሰም።

ክርክሬ እዚህ ላይ ነው። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በሆነበት አገር ቦታውን ለጨረታ የሚያቀርበው መንግሥት ነው። በገበያ በሬ የሚሸጥ ሰው ጥርሱን ለገዢ ያሳያል። ስለዚህ የመጀመሪያው የምርመራ ወጪ ከሕዝብ ገንዘብ መውጣት አለበት፤ በካዩ ሲገኝ ከእርሱ ይመለሳል።

የሌላውም አገር ልምድ ይህንኑ ያስተምራል። በአሜሪካ፣ ናያጋራ ፎልስ ከተማ፣ የኬሚካል ዝቃጭ የተቀበረበት መሬት በ1953 እ.ኤ.አ. በ1 ዶላር ለትምህርት ቤት ቦርድ ተላለፈ። ትምህርት ቤት ተሠራበት፣ ዙሪያውም መንደር ሆነ። በ1978 እ.ኤ.አ. መርዙ ይፋ ሲወጣ ነዋሪዎች ቤታቸውን ጥለው ወጡ። ዛሬ በዚያ አገር ከተሞች ለምርመራ ብቻ የሚውል የፌዴራል ድጋፍ ያገኛሉ፤ ምን እንዳለበት በማይታወቅ ቦታ ላይ ገንዘቡን የሚያፈስ አልሚ ጥቂት ነውና።

«የመጠጥ ውኃና መንገድ ያልተሟላለት ከተማ አፈር ይመርምር?» ትሉኝ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ሁሉም ቦታ አይመረመርም። የመጀመሪያው ደረጃ የቦታውን ታሪክ ማጥናት ነው፤ መዝገብ ማገላበጥ፣ ሽማግሌ መጠየቅ። ይህን እናንተ ተማሪዎች ልትሠሩት ትችላላችሁ። ናሙና የሚወሰደው ታሪኩ ካጠራጠረ ብቻ ነው። ለዚህም ከሊዝ ገቢ ጥቂቱ ይመደብ፤ ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ እንደ ገረሴ ላሉ ከተሞች ክልሉ ይደጉም።

የጋሞ አባቶች «ጎሜ» የሚሉት ነገር አለ። የተሸሸገ ጥፋት በቤተሰብና በምድር ላይ መከራ ያመጣል፤ መድኃኒቱም በይፋ መናገር ነው ይላሉ። መሬታችንም የሸሸገውን እንዲናገር እንጠይቀው፤ ልጆቻችን ቤት ሳይሠሩበት።