ማንም የማያየው ሪቬት

የዛሬው ርዕሳችን ኢሕሳን ነው፤ ምሳሌያችን ደግሞ አውሮፕላን።

በአሜሪካ ተገጣጣሚ የአውሮፕላን ክፍሎችን ገዝተው በመኪና ማቆሚያቸው ውስጥ የሚሠሩ ሰዎች አሉ። ሥራው ብዙ ጊዜ ዓመታት ይፈጃል። ሕጉም ከግማሽ የሚበልጠውን ሥራ ለትምህርቱ ወይም ለመዝናኛው ብሎ የሚሠራው ሰው እንዲያከናውነው ያዛል።

የብዙዎቹ ክንፍ አጥንት ሪቬት በሚባሉ ትናንሽ ማያያዣዎች በአሉሚኒየም ቆርቆሮ ይለበጣል። ክንፉ ከተዘጋ በኋላ ውስጡን በሚገባ ማየት ያስቸግራል። መርማሪው ሲመጣም የሠሪውን የሥራ መዝገብና ፎቶግራፎች ያገላብጣል። ከዚያም አብዛኛውን ጊዜ 25 ወይም 40 የሙከራ በረራ ሰዓት እስኪሞላ ቤተሰቡን ማሳፈር አይፈቀድለትም።

እስቲ አስቡት። ማታ ደክሞት ሳለ አንዲት ሪቬት ተጣመመችበት። ቢዘጋት ማንም አያውቅበትም። ነገር ግን ነገ በዚያ ክንፍ የሚሳፈሩት የገዛ ልጆቹ ናቸው። ስለዚህ ሰርስሮ ያወጣትና በአዲስ ይተካታል።

ውድ ወንድሞችና እህቶች! እኛስ? ወተቱን በውሃ ስናቀጥን፣ የሰው ግድግዳ ስንገነባ ሲሚንቶ ስንቀንስ፣ የሚጎዳው የሌላ ሰው ልጅ ስለሆነ ነውን የሚቀለን? ያ ሰው የሥራውን መዝገብ ራሱ ይጽፋል፤ የእኛን የሚጽፉት ግን መላእክት ናቸው። ኢሕሳን ማለት ቆርቆሮው ከተዘጋ በኋላም አላህ እንደሚያየን አውቆ መሥራት ነው።

አላህ (ሱ.ወ) ግልጹንም ስውሩንም ሥራችንን ያሳምርልን።