«ይቀዱ ነበር» ወይስ «ለምደዋል»?

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ስለ ሲሚንቶና ስለ ብረት እንድናገር ጠብቃችሁ ከሆነ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የዛሬው ንግግሬ በእንግሊዝኛ ዘገባዎቻችን ውስጥ ስለምትገባ አንዲት ትንሽ አነጋገር ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በስማዳ ወረዳ፣ በወገዳ አቅራቢያ፣ ለማጎልበት የታሰበ አንድ ምንጭ ተመልክቼ ዘገባ ጻፍሁ። ሐሳቤ፣ ነዋሪዎቹ ከዚያ መቅዳት ስለ ለመዱ ሥራው እዚያው ይካሄድ ለማለት ነበር። የጻፍሁት ግን «ፒፕል ዩስት ቱ ፌች ዋተር ሂር» የሚል ነው። ዘገባውን የመረመሩት አማርኛ የማያውቁ ባለሙያ «ቀድሞ ይቀዱ ነበር፤ ዛሬ ትተውታል» ብለው ስለ ተረዱ ምንጩን ከዝርዝሩ አወጡት። በትክክል አንብበዋል፤ ስሕተቱ የእኔ ነበር። ደግነቱ፣ ዝርዝሩ ሳይጸድቅ ደርሼበት ታረመ።

ስሕተቱ ከየት መጣ? አማርኛችን ልማድንም መላመድንም «ለመደ» ከሚለው ከአንድ ግስ ያወጣል። «የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ» ስንል ስለ ልማድ፣ «አገሩን ለምዷል» ስንል ስለ መላመድ እንናገራለን። ያለፈውን የዘወትር ድርጊት ደግሞ «ይቀዱ ነበር» እንላለን፤ ድርጊቱ ዛሬ መቅረቱን ግን ይህ አነጋገር ብቻውን አይወስንም።

እንግሊዝኛ በአንጻሩ ሦስት የተለያዩ ሐሳቦችን በአንድ ዓይነት ሆሄ ይጽፋል። አንደኛው «ዩስት ቱ ፌች» ሲሆን፣ ያለፈና አብዛኛውን ጊዜ የቀረ ልማድን ያመለክታል። የአሁን ጊዜ የለውም፤ የዛሬው ልማድ «ዘይ ፌች» ተብሎ በተራው ግስ ይነገራል። ሁለተኛው «አር ዩስት ቱ ፌቺንግ»፣ ማለትም «መቅዳት ለምደዋል» ነው፤ ገና በመልመድ ላይ ላለ ሰው በ«አር» ፈንታ «ጌት» ይገባል። ሦስተኛው «ኢዝ ዩዝድ ቱ ፌች» ነው፤ ባልዲው ለመቅዳት ያገለግላል እንደ ማለት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በ«ስ» እና በ«ት»፣ ሦስተኛው በ«ዝ» እና በ«ድ» ይነበባሉ። የእንግሊዝኛው ጽሕፈት የሚሰውረውን ይህን ልዩነት የእኛ ፊደል ያሳየዋል።

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። ስፓኝኛ ተናጋሪዎች «ሶሌር» የሚል ግስ አላቸው፤ ለዛሬውም ለቀድሞውም ልማድ ይሠራል። እንግሊዝኛ ሲማሩ ለዛሬው ልማድ አቻውን ይፈልጋሉ፤ አያገኙትምና ከእኛው ስሕተት ላይ ይወድቃሉ።

እንግዲህ ዘገባ ከመፈረማችን በፊት ሁለት ነገር እንመርምር፦ ከፊቱ «አር» ወይም «ኢዝ» አለን? ከኋላው ያለው ግስ በ«ኢንግ» ያበቃልን? ጥርጣሬ ካደረብን አነጋገሩን ትተን «እስከ ዛሬ ይቀዳሉ» የሚለውን በግልጽ እንጻፍ።

ይህ ስሕተት በትምህርት ቤት አንድ ነጥብ ያስቀንሰን ነበር። በዘገባ ላይ ሲገኝ ግን የሚጎዳው ጸሐፊውን ሳይሆን እንስራ ተሸክማ ወደ ምንጩ የምትወርደውን እናት ነው። እርስዋ እንግሊዝኛችንን አታነብም፤ ውጤቱ ግን ከደጅዋ ይደርሳል።