«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ከልጃችሁ ጋር አንብቡ

በሰቆጣ፣ በጽጽቃና በዋግ ኽምራ ተራሮች ሁሉ ያላችሁ፣ ፊደል ቆጥራችሁ ማንበብ የጀመራችሁ እናቶችና አባቶች፣ የዛሬው ንግግራችን ለእናንተ ነው።

ልጃችሁ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገብቷል እንበል። አንድ ቀን ወፍራም መጽሐፍ ይዞ ይመጣል። «የአማርኛ መምህራችን አንብባችሁ፣ ታሪኩን አሳጥራችሁ ጻፉ ብለውናል» ይላል። መጽሐፉ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ከ500 ገጽ በላይ አለው። ታዲያ ልጁ ምን ያደርጋል? ቀን ከብት አለ፣ ውኃ መቅዳት አለ። ማታ ድካም አለ። ስለዚህ ካለፈው ዓመት ተማሪ ደብተር ይዋስና ገልብጦ ያስረክባል። ማርኩን ያገኛል። መጽሐፉን ግን አላነበበውም።

ይህ እንዳይሆን እናንተ ልትረዱት ትችላላችሁ። «እኔ ገና ትናንት ሀ ሁ ያልሁ ሰው፣ ምን ልረዳው?» አትበሉ። እስቲ ስሙኝ።

መጽሐፉን የደረሱት ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ ናቸው። የጎጃም ሰው ናቸው። በጣልያን ወረራ ጊዜ ተማርከው ኢጣልያ አገር ታስረው ነበር። «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ኋላም ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ተረከው። ያን ጊዜ ፊደል የማያውቀውም ሰው ታሪኩን በጆሮው ሰማ። እናንተ ዛሬ በዓይናችሁ ልታዩት ነው።

በታሪኩ ውስጥ በዛብህ የሚባል የቅኔ ተማሪ አለ። የቦጋለ መብራቱና የውድነሽ በጣሙ ልጅ ነው። ወላጆቹ በስለት ለቤተ ክርስቲያን የሰጡት ነው። ሰብለ ወንጌል ደግሞ የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ ናት። አባቷ በዘራቸው በጣም ይኮራሉ። ለጋብቻ የሚጠይቃትን ሁሉ «ዘሩ አይመጥነንም» እያሉ ሲመልሱ ዕድሜዋ ይሄዳል። በኋላ በዛብህ ንባብና ጽሕፈት እንዲያስተምራት ቤታቸው ገባ። ፍቅሩ የተጀመረው እንግዲህ በትምህርት ላይ ነው። አያችሁ? ሰብለም ለአቅመ ሔዋን ደርሳ ነው ደብተር ይዛ የተቀመጠችው። ከእናንተ በምን ትለያለች? መጨረሻውን አልነግራችሁም፤ የመጽሐፉ ስም ራሱ ግማሹን ተናግሮታል።

አንባቢን የሚያስቸግር አንድ ነገር ደግሞ አለ። «ገና» የሚለውን ቃል ጽፋችሁ እዩት። ሲላላ «ገና አልመጣም» እንደምንለው ነው። ሲጠብቅ የልደት በዓል ይሆናል። አጻጻፉ ግን አንድ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ ይህ ችግር ስለ ገባቸው በመጽሐፋቸው ውስጥ በሚጠብቀው ፊደል ራስ ላይ ነጥብ አደረጉ። በሌሎች መጻሕፍት ይህን ብዙ አታገኙም። ስለዚህ ነጥብ ያለበት እትም በእጃችሁ ከገባ፣ የታተመው በስሕተት አይደለም፤ ነጥቡ «አጥብቀህ አንብብ» ማለት ነው።

አሁን ወደ ልጃችሁ እንመለስ። ልጁ የመጀመሪያ ደረጃን በኽምጣኛ የተማረ ሊሆን ይችላል። የጎጃም ገጠር አማርኛ ይከብደዋል። ደግሞስ ጭሰኛ፣ ባላባት፣ ፊታውራሪ፣ ግብር ሲባል ምን ያውቃል? ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ብዙ ዘመን ቆይቶ የተወለደ ልጅ እኮ ነው! ሽማግሌዎች ግን ታውቁታላችሁ፤ ወይም ከአባቶቻችሁ ሰምታችኋል። እሱ ፊደሉን ቶሎ ቶሎ ያነባል፤ እናንተ ነገሩን ትነግሩታላችሁ። እሱ ሲደክመው እናንተ ጣታችሁን ከቃሉ ሥር አድርጋችሁ አንድ አንቀጽ ቀስ ብላችሁ አንብቡ። ቢስቅባችሁ ይሳቅ።

አንዳንድ ወላጅ ደግሞ «የፍቅር መጽሐፍ ነው፣ ሴት ልጄን ያበላሽብኛል» ብሎ ከእጇ ይነጥቃል። ይህ ልክ አይመስለኝም። ይልቅስ አብራችሁ አንብቡና ፊታውራሪ መሸሻ በልጃቸው ላይ ያደረጉትን እዩ። በእርሷ ዕድሜና ትዳር ላይ የቆረጡት እርሳቸው ብቻ ናቸው። እርሷን ማን ጠየቃት? ልጃችሁን «አንቺ ምን ትያለሽ?» በሏት። የምትመልሰው መልስ ለመምህሯ ከምትጽፈው የበለጠ ሊጠቅማችሁ ይችላል።

በአንድ ሌሊት አይጨረስም። ማታ ማታ፣ ከራት በኋላ፣ አምስት ስድስት ገጽ ይበቃል። መምህሩ የሰጡት ቀን ካጠረ ልጁ ቀን ይጨምርበት፤ ለእናንተ ለማታው ጥቂቱን ያቆይላችሁ። ጉዱ ካሣ የሚባል ሰው ጋ ስትደርሱ ደግሞ ቆም በሉ። ሰው እብድ ነው ይለዋል። የሚናገረውን አንብባችሁ፣ በእውነት እብድ መሆን አለመሆኑን ከልጃችሁ ጋር ተከራከሩ። ልጃችሁ ክርክሩን በደብተሩ ይጻፈው፤ ያንን ከማንም አልገለበጠውም።