ልብ ሲታመም ብቻውን እንዳይቀር
(በማኅበራችን የውይይት ምሽት የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ የልብ ሕመምና የመንፈስ ጭንቀት ያላቸው ዝምድና ነው። ነገሩ የሐኪሞች ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን ከሥራው ብዙው የጎረቤትና የዘመድ ስለሆነ እኛንም ይመለከታል።

በአገራችን ብዙ ወጣቶችን የሚያጠቃው በልጅነት ከሚይዝ የጉሮሮ ሕመም የሚነሣው የሩማቲክ የልብ በሽታ ነው። ይኸውም የልብን በሮች ያበላሻል። በሽተኛው በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ፣ ለዓመታት፣ የፔኒሲሊን መርፌ መወጋት አለበት። በሮቹ ክፉኛ ለተጎዱበት ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል። በ2009 እ.ኤ.አ. በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ማዕከል የተከፈተውም ለእንዲህ ያሉት ሕሙማን ነው።

እስቲ ከላሊበላ ከተማ በላይ ያለችውን አሸተን ማርያምን እናስብ። ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነ ተራራ ላይ ከአለት የተፈለፈለች ስለሆነች፣ ጤነኛውም ሰው ሲወጣ ያለከልካል። ልቡ የደከመ ሰው ዳገቱ ሲያቅተው የሚቀርበት ቅዳሴው ብቻ አይደለም፤ ሰንበቴው፣ ማኅበሩ፣ በደጀ ሰላም የሚያገኘው ወዳጅ ሁሉ ይቀርበታል። በሽታው ትንፋሹን ሲያሳጥርበት፣ ዳገቱ ደግሞ ሰዉን ይነሣዋል።

ይህ ብቸኝነት ቀላል ነገር አይደለም። በ1993 እ.ኤ.አ. በካናዳ፣ በሞንትሪያል ከተማ፣ ድንገተኛ የልብ ሕመም በያዛቸው 222 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት መንፈሳቸው የተጨነቀው በስድስት ወር ውስጥ አብልጠው እንደሚሞቱ አሳየ። በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣው ተከታዩ ጥናት ደግሞ ብዙ ደጋፊ ባላቸው ዘንድ የጭንቀቱ ጉዳት እንደሚለዝብ ገለጸ። የተጨነቀ ሰው መድኃኒቱን ይተዋል፣ ከቤት አይወጣም፣ እንቅልፍ ያጣል።

ስለ ጠባይም ብዙ ተብሏል። ዮሃን ዴኖሌት የተባሉ የሥነ ልቡና ሊቅ ሐሳበ ብዙ ሆኖ ስሜቱን ለሰው የማይገልጸውን «ዓይነት ዲ» ብለው ሰየሙት። እኛ «ሆድ ይፍጀው» የምንለው ዓይነት ነው። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ስላልተስማሙ፣ በሽተኛውን «ጠባይህ ገደለህ» ማለት አይገባም። ቢሆንም በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።

እውነቱን ሳንሸሽግ ለመናገር፣ በ2003 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ 2,481 ሕሙማን የተካፈሉበት ጥናት በምክር የሚሰጠው ሕክምና ጭንቀትን ቢያቃልልም ሞትን እንዳልቀነሰ ተረድቷል። ታዲያ ምክሩ ከንቱ ነውን? አይደለም፤ ዕድሜ ባይጨመርም በቀረው ዕድሜ ሰው ሆኖ መኖር ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

በሽተኛ መጠየቅ ልማዳችን ነው። ይሁን እንጂ ልማዳችን የሚያውቀው ቶሎ የሚድነውን ወይም ቶሎ የሚሞተውን ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ቤቱ በጠያቂ ይሞላል፤ ዐሥር ዓመት የሚታመመውን ግን ማን ይጠይቀዋል? ዕድራችን ለቀብር ፈጥኖ ይደርሳል፤ ለመርፌው ቀንስ?

ስለዚህ ክረምት ወደየአገራችን ስንገባ፣ አንደኛ፣ የልብ ሕመምተኛውን በመርፌው ቀን እስከ ጤና ጣቢያ እንሸኘው። ሁለተኛ፣ እርሱ ወደ ማኅበሩ መውጣት ካልቻለ ማኅበሩ ተራውን በእርሱ ቤት እንዲያደርግ ሽማግሌዎችን እንለምን። ሦስተኛ፣ ሁለት ጥያቄ እንጠይቀው፤ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ሐዘንና ተስፋ መቁረጥ በርትቶብህ ነበር? ደስ ይልህ የነበረው ነገርስ አስጠልቶህ ነበር? አዎን ካለ፣ «አይዞህ» ብለን አንለፈው፤ ለሐኪሙ ይኸንኑም እንዲነግር እንርዳው።

ዳገቱን ዝቅ ማድረግ አንችልም። እኛ ግን መውረድ እንችላለን።