የተጫዋች ዋጋና የደጋፊ ፍርድ

(በራዲዮ የተነገረ)



በዛሬው ንግግሬ የማነሣው ነገር ስለ እግር ኳስ ነው፤ ይሁን እንጂ በሜዳ ላይ ስለሚደረገው ጨዋታ ሳይሆን ከጨዋታው አስቀድሞ ስለሚደረገው ገበያና ገበያው ስለሚያስነሣው ክርክር ነው። የእንግሊዝ አገር ክለቦች ተጫዋች የሚገዙበትና የሚሸጡበት ወራት በደረሰ ቁጥር በአዲስ አበባ በየሻይ ቤቱ፣ በየታክሲው፣ ይልቁንም በየመሥሪያ ቤቱ በምሳ ሰዓት የሚሰማው ወሬ አንድ ነው። አንዱ «ክለባችን ገንዘቡን ለማን ይቆጥባል? አንድ የመሐል ሜዳ ሰው ቢገዛ ዋንጫው የእኛ ነበር» ይላል። ሁለተኛው «ለአንድ ሰው ይህን ያህል ገንዘብ ማፍሰስ እብደት ነው» ብሎ ይመልሳል። ከዚህ በኋላ ድምፅ ከፍ ይላል፤ አንዳንድ ጊዜም ለብዙ ዓመት በአንድ ክፍል አብረው የሠሩ ባልንጀሮች ተኰራርፈው ይለያያሉ።

ክርክር መኖሩ አይነቀፍም። ሰው የሚወደውን ነገር ደጋግሞ ማንሣቱ የተፈጥሮ ነው። የሚያሳዝነው ግን ክርክሩ ብዙ ጊዜ ያለ ሚዛን መደረጉ ነው። ስለዚህ ዛሬ ስለ ሚዛኑ ጥቂት ለመናገር እወዳለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በኤውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አድማጮቼ እንዲያስታውሱልኝ እለምናለሁ።

በመጀመሪያ፤ ክርክሩ ከሁሉ ይልቅ በመሐል ሜዳ ተጫዋች ላይ የሚከርረው ስለ ምንድን ነው? አጥቂ ቢሆን ያገባው ግብ ይቈጠራል። በረኛ ቢሆን ያዳነው ኳስ ለሁሉ ይታያል። በተከላካዮች ፊት የሚቆመው አማካይ ግን ሥራው ለዓይን አይሞላም። የተቃራኒውን መንገድ አስቀድሞ ይዘጋል፤ ኳስ ነጥቆ በቅርብ ላለው ወንድሙ ያቀብላል፤ ሌሎቹ ወደ ፊት ሲሮጡ እርሱ የተዉትን ስፍራ ይጠብቃል። ይህ ሁሉ በቍጥር ለመግለጽ የሚያስቸግር ስለ ሆነ፣ ደጋፊው ሰውየውን የሚመዝንበት ነገር ሲያጣ የተገዛበትን ዋጋ እንደ መለኪያ ይይዛል። «መቶ ሚሊዮን ከወጣበት መቶ ሚሊዮን ያህል ይጫወታል» የሚል አሳብ በልቡ ያድርበታል። የስሕተቱ ሥር ይህ ነው።

ዋጋ በእርግጥ ምን እንደሚናገር እንመልከት። በጃንዋሪ 2023 መጨረሻ ላይ ቼልሲ ኤንዞ ፈርናንዴዝን ከፖርቱጋሉ ቤንፊካ በ107 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ገዛ። በዚያው ዓመት በጁላይ አርሰናል ዴክላን ራይስን ከዌስትሃም ለመውሰድ 100 ሚሊዮን ፓውንድ፣ እንደ ውጤቱም የሚጨመር 5 ሚሊዮን ተዋዋለ። በኦገስት ደግሞ ብራይተን ሞይሰስ ካይሴዶን በ111 ሚሊዮን ለሊቨርፑል ለመሸጥ ከተስማማ በኋላ፣ ተጫዋቹ ቼልሲን በመምረጡ ቼልሲ 100 ሚሊዮን ቆርጦ፣ በኋላ የሚጨመር 15 ሚሊዮን ተስማምቶ ወሰደው። እንግዲህ በሰባት ወር ጊዜ ውስጥ ሦስት የመሐል ሜዳ ሰዎች እያንዳንዳቸው ከመቶ ሚሊዮን ፓውንድ በማያንስ ዋጋ ተሸጡ ማለት ነው።

ይህንኑ ካይሴዶን ብራይተን በ2021 ከኢኳዶር ያመጣው በ4.5 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ነበር። ልጁ በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ ብዙ እንደ ተማረ አይካድም። ነገር ግን ችሎታው ሃያ እጥፍ ሆነ የሚል ሰው ይኖራልን? ያደገው ችሎታው ብቻ አይደለም፤ የፈላጊው ብዛትና የገዢው ችኰላም አብረው አደጉ። ሁለት ባለጠጎች አንዱን ዕቃ ከያዙት ሻጩ ዝም ብሎ ቢቀመጥ እንኳ ዋጋው ይወጣል። ስለዚህ የተጫዋች ዋጋ ስለ ገበያው ብዙ ይናገራል፤ ስለ ተጫዋቹ የሚናገረው ግን ጥቂት ነው። ቼልሲ በካይሴዶ የመጀመሪያ ዓመት ስድስተኛ ሲወጣ ብዙዎች «ገንዘቡ ባከነ» ብለው ነበር፤ በ2025 ክለቡ የዓለም ክለቦችን ዋንጫ ሲወስድ ግን ሰዎቹ ራሳቸው «ዋጋው ተገቢ ነበር» ማለት ጀመሩ። ዋጋው ያው ነው፤ የተለወጠው ፍርዱ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ስለ ሊቨርፑል የማነሣው ታሪክ ለሁላችንም ትምህርት ይሆናል። ክለቡ በ2023 ካይሴዶን ካጣ በኋላ የሠላሳ ዓመቱን ጃፓናዊ ዋታሩ ኤንዶን ከጀርመኑ ሽቱትጋርት በ16 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ አመጣ። በገበያው መዝጊያ ዕለትም ወጣቱን ሆላንዳዊ ሪያን ግራቨንበርችን ከባየርን ሙኒክ ገዛ። በ2024 አዲሱ አሠልጣኝ አርኔ ስሎት ሲመጣ፣ በተከላካዮች ፊት የሚቆም ሰው አሁንም ጎድሏል ተብሎ የሪያል ሶሲዳዱ ማርቲን ዙቢሜንዲ ተጠየቀ። እርሱም በአገሬ እቀራለሁ ብሎ አልመጣም። ያን ጊዜ የደጋፊው ቍጣ ቀላል አልነበረም። «የላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ» እንደሚባለው ሁሉ ያልመጣው ሰው ስም በየአፉ ሲዞር ከረመ።

አሠልጣኙ ግን ወደ ገበያ ከመሮጥ ይልቅ ወደ ቤቱ ተመለከተ። ያለፈውን ዓመት አብዛኛውን ጊዜ ከተጠባባቂዎች ወንበር ያሳለፈውን ግራቨንበርችን በዚያ ስፍራ አቆመው። ውጤቱ የታወቀ ነው፤ ሊቨርፑል በ27 ኤፕሪል 2025 ቶተንሃምን 5 ለ 1 አሸንፎ፣ አራት ጨዋታ ገና ሲቀረው ሃያኛውን የሊግ ዋንጫ ወሰደ። ግራቨንበርችም የዓመቱ ምርጥ ወጣት ተጫዋች ተባለ። «በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቈጠራል» ያሉ አባቶቻችን እንዲህ ያለውን ነገር አስቀድመው ያዩት ይመስላል።

ይሁን እንጂ ከዚህ ተነሥተን «አለመግዛት ሁልጊዜ ብልህነት ነው» ብንል ሌላ ስሕተት ይሆንብናል። ማንቸስተር ሲቲ ሮድሪን በ2019 በ63 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ሲገዛው ውድ ነው ተብሎ ነበር፤ ነገር ግን ሰውየው ክለቡ ከ2021 እስከ 2024 አራት ዓመት በተከታታይ ባለድል ሲሆን የመሐሉ ምሰሶ ነበረ። በሴፕቴምበር 2024 ጉልበቱ ሲጐዳ ሲቲ በዚያ ስፍራ የሚተካው እንዳላዘጋጀ ታየ፤ በዚያው ዓመትም ሦስተኛ ወጣ። ለዚህ ምክንያቱ የእርሱ መጐዳት ብቻ ነው ማለት አይቻልም። ቢሆንም ክለቡ በፌብሩዋሪ 2025 የገበያው መዝጊያ ዕለት ኒኮ ጎንዛሌዝን ከፖርቶ በ50 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ለመግዛት ተገደደ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዳይሆን አስቀድሞ ማዘጋጀት ይሻል ነበር። ሊቨርፑልም ራሱ ዋንጫውን በወሰደበት ዓመት ክረምት ፍሎሪያን ቪርትዝን ለመውሰድ 100 ሚሊዮን ፓውንድ ከፍሎ፣ እስከ 16 ሚሊዮን የሚደርስ ጭማሪም ተዋውሏል። እንግዲህ ነገሩ መግዛት ወይም አለመግዛት ሳይሆን ምን እንደሚያስፈልግ ማወቅ ነው።

ሁለት ምሳሌዎችን ጐን ለጐን ላቅርብ። ሌስተር ሲቲ በ2015 ንጎሎ ካንቴን ከፈረንሳይ በ5.6 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ አመጣ፤ በ2016ም ማንም ያልጠበቀውን ዋንጫ ወሰደ። ካንቴ ወደ ቼልሲ ሲሄድ በ2017 ቼልሲም ባለድል ሆነ። በሌላ በኩል ማንቸስተር ዩናይትድ በልጅነቱ ያሠለጠነውን ፖል ፖግባን በ2012 ለጁቬንቱስ ለቀቀ፤ በ2016 ግን ያንኑ ሰው በ89 ሚሊዮን ፓውንድ መልሶ ገዛው። ስድስት ዓመት ቆይቶ በ2022 ውሉ ሲያልቅ ያለ አንድ ሳንቲም ዋጋ ሄደ። በእነዚያ ዓመቶች ክለቡ የሊግ ዋንጫ አላገኘም። ፖግባ ችሎታ አልነበረውም አልልም፤ በ2018 ከፈረንሳይ ጋር የዓለምን ዋንጫ አንሥቷል። የጎደለው ለሥራው የተዘጋጀ ስፍራ ነበር።

አሁን ደግሞ የሒሳቡን ነገር ላንሣ፤ የመንግሥት ሠራተኛ የሆኑ አድማጮቼ ይህን ከማንም ይልቅ ይረዱታል። አንድ መሥሪያ ቤት መኪና ሲገዛ ዋጋው በአገልግሎቱ ዘመን ተካፍሎ በየዓመቱ የእርጅና ቅናሽ ተብሎ እንደሚመዘገብ ሁሉ፣ የተጫዋች ዋጋም በውሉ ዓመቶች ይካፈላል። መቶ ሚሊዮን በስምንት ዓመት ሲካፈል በየዓመቱ የሚያዘው 12.5 ሚሊዮን ነው፤ በአምስት ዓመት ሲካፈል ግን 20 ሚሊዮን ይሆናል። ቼልሲ ረጅም ውል ይወድ የነበረው ስለዚህ ነው። በ2023 የኤውሮፓው ማኅበር፣ በዚያው ዓመት መጨረሻም የእንግሊዝ ክለቦች ራሳቸው ክፍፍሉ ከአምስት ዓመት እንዳያልፍ ወሰኑ። በሌላ በኩል በልጅነቱ በክለቡ ያደገ ተጫዋች የግዢ ዋጋ ስለሌለው ሲሸጥ የተገኘው ሁሉ በዚያው ዓመት ትርፍ ሆኖ ይመዘገባል። ቼልሲ በ2023 ሜሰን ማውንትን፣ በ2024 ኮነር ጋላገርን፣ ሁለቱንም ያሳደጋቸውን የመሐል ሜዳ ልጆች፣ ሲሸጥ ደጋፊው «የገዛ ልጃችንን ለምን?» ብሎ አዘነ። መልሱ ከሜዳው ይልቅ በመዝገቡ ላይ ይገኛል።

መዝገቡን መናቅም ዋጋ ያስከፍላል። በእነዚያ ዓመቶች በነበረው ደንብ አንድ ክለብ በሦስት ዓመት ውስጥ ከ105 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ እንዳይከስር ተከልክሎ ነበር። ኤቨርተን በኖቬምበር 2023 አሥር ነጥብ ተቀነሰበት፤ ይግባኝ ቢል ወደ ስድስት ዝቅ አለለት፤ በኤፕሪል 2024 ደግሞ ሁለት ተጨመረበት። ኖቲንግሃም ፎረስትም በማርች 2024 አራት ነጥብ አጣ። አጥቂዎች በላባቸው ያመጡትን ነጥብ የሒሳብ ጕድለት ወሰደው ማለት ነው።

እንግዲህ ክቡራን አድማጮቼ፤ ወደ ፊት ክርክር ሲነሣ ሦስት ጥያቄ እንድታስቀድሙ አሳስባለሁ። አንደኛ፤ የጎደለን ሥራ ምንድን ነው? ሰው ስም ከመጥራቱ በፊት ሥራውን ይጥራ። ሁለተኛ፤ ይህን ሥራ ሊሠራ የሚችል በቤታችን የተቀመጠ ሰው የለምን? ሦስተኛ፤ ዋጋው ከደመወዙ ጋር በስንት ዓመት ይከፈላል፤ በዚያ ጊዜስ ሌላ ምን እንዳንሠራ ያግደናል? እነዚህን ሦስቱን የመለሰ ሰው ቢጮኽም ያምርበታል፤ ያልመለሰ ግን ጩኸቱ የነፋስ ድምፅ ነው።

በመጨረሻ አንድ ነገር ልጨምር። ለንደንና ሊቨርፑል ላይ የሚፈሰው ገንዘብ የእኛ አይደለም፤ ቢባክንም ከኪሳችን አይጎድልም። በአገራችን ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከከፍተኛው ሊጋችን ክለቦች ብዙዎቹ የሚተዳደሩት ከከተማ አስተዳደሮችና ከመንግሥት ድርጅቶች በሚሰጥ ገንዘብ ነው፤ ንግድ ባንክ፣ መድን፣ ሀዋሳ ከተማ የሚሉት ስሞች ራሳቸው ይህን ያመለክታሉ። እንግዲህ የካይሴዶን ዋጋ እስከ ሳንቲሙ በቃሉ የሚያውቅ ሰው፣ የከተማው ክለብ ላንድ ተጫዋች ምን እንደ ከፈለ፣ በቤቱስ ያሠለጠናቸው ልጆች የት እንደ ደረሱ ቢጠይቅ ደግሞ ምን ያህል በተጠቀምን! የሰው ገንዘብ የምንመዝንበትን ሚዛን በራሳችን ገንዘብ ላይ ብናውለው፣ በምሳ ሰዓት የጠፋው ጊዜ ሁሉ ለከንቱ አልጠፋም ማለት ነው።