እቅፍ አበባ ለአረጋውያን፦ ከዓለም ጤና ጓሮ

አገር በቀል አበባ የሚባለው ሰው ከሌላ ክፍለ ዓለም ሳያመጣው በአንድ ምድር ላይ የኖረና ከዚያ ምድር አፈርና ዝናብ ጋር የተስማማ ተክል ሲሆን፣ ከኢትዮጵያ አገር በቀል አበቦች ሁሉ በስም የገነነው በኦሮምኛ ኬሎ የሚባለው አደይ አበባ ነው። የዕፅዋት ተመራማሪዎች ቢደንስ በሚል የወል ስም ከሚጠሯቸው ተክሎች የሚመደበው አደይ፣ የኑግና የሱፍ ዘመድ ሲሆን፣ ራሱ በሚያብብበት ወቅት በማሳ ውስጥ ቢጫ ሆኖ ከሚታየው ሜጭ ከተባለው አረም ጋር ብዙ ጊዜ ይምታታል።

በእንቁጣጣሽ ልጃገረዶች አደዩን ከለምለም ቄጠማ ጋር ይዘው አበባየሆሽ እያሉ በየቤቱ ይዞራሉ፤ በኢሬቻም ወደ ቢሾፍቱው ሆረ አርሰዲ የሚወርደው ሕዝብ እርጥብ ሣርና ኬሎ ይይዛል። ስለዚህ አበባ አስሮ ለሰው ማበርከት ከውጭ የተቀዳ ልማድ ነው የሚለው አስተያየት፣ ቢያንስ በሸዋ ምድር፣ መሠረት የለውም። የተለወጠው አበባው የሚደርስበት ደጃፍ ነው። አረጋውያን ከልጆቻቸው ወይም ከዘመዶቻቸው ጋር ሲኖሩ የበዓሉ አበባ ሳይፈለግ ይደርሳቸዋል፤ ጧሪ ያጡት ግን፣ በቢኒያም በለጠ አዲስ አበባ ላይ እንደተመሠረተው መቄዶንያ ባሉ መርጃ ማዕከላት ሲጠለሉ፣ ከሰፈሩ ዙረት ውጭ ይቀራሉ፤ አበባው ወደ እነርሱ እንዲሄድ የሚያስብለት ሰው ያስፈልገዋል።

አበባ ለአረጋውያን የመስጠት ጥቅም በጥናትም ተፈትሿል። በአሜሪካ የሩትገርስ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጃኔት ሃቪላንድ ጆንስና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት፣ አበባ የተሰጣቸው አረጋውያን ስሜታቸው መሻሻሉን ከመግለጻቸውም በላይ ያለፉ ሁነቶችን በማስታወስ ረገድ የተሻለ ውጤት አሳይተዋል። ጥናቱ የአበባ ነጋዴዎች ድጋፍ የነበረው በመሆኑ በጥንቃቄ ሊነበብ ይገባል፤ ይሁንና አረጋውያንን የሚንከባከብ ሰው ሁሉ በየዕለቱ ከሚያየው ነገር ጋር አይጋጭም።

ለአረጋውያን የሚታሰር እቅፍ አበባ ከሠርግ እቅፍ የሚለየው በዋናነት ለዓይን ብቻ የማይታሰር በመሆኑ ነው። የዓይን ሞራ ያጠላባቸው አረጋውያን ቀለሙን በደንብ ላይለዩት ይችላሉ፤ አሪቲ፣ በሶብላ ወይም ጤና አዳም በእጃቸው ሲገባ ግን ቅጠሉን በጣታቸው አሽተው ወደ አፍንጫቸው ያስጠጉና ስሙን ይጠሩታል፣ ምን ምን እንደሚያደርግም ይናገራሉ። እነዚህ ሁሉ በጥብቅ ትርጉሙ አገር በቀል ባይሆኑም፣ ከጓሮ ሳይጠፉ የኖሩ በመሆናቸው በእቅፉ ውስጥ ቦታ ሊነፈጋቸው አይገባም። ነጭና መዓዛማ አበባ ያለው ጠምበለል የተባለው ሐረግም፣ ጥላና ውኃ ከተገኘለት፣ ከሁሉ ይመረጣል። በአንጻሩ በባቱ ለውጭ ገበያ የሚመረተው ጽጌረዳ በአብዛኛው ረጅም መንገድ እንዲችልና ቶሎ እንዳይጠወልግ የተዳቀለ ስለሆነ መዓዛው የደከመ ነው። አገሪቱ ቀጋ የተባለ የራሷ የጽጌረዳ ዝርያ አላት፤ ከሰሃራ በስተደቡብ በተፈጥሮ የሚበቅለው ብቸኛው ጽጌረዳም እርሱ ነው፤ የደጋ ተክል በመሆኑ ግን ለስምጥ ሸለቆ ከተሞች አይመከርም።

ከእነዚህ ከተሞች አንዷ የሆነችው፣ በሞጆና በመቂ መካከል የምትገኘው የቦራ ወረዳ መቀመጫ ዓለም ጤና፣ አፈሯ ከእሳተ ገሞራ የመጣ፣ አሸዋማና ውኃ ቶሎ የሚያሳልፍ ስለሆነ፣ የአበባ መደብ ብስባሽ ካልተጨመረበት እርጥበት አይዝም። የአደይ ዘር የሚሰበሰበው አበባው ረግፎ ራሱ ሲደርቅና ዘሩ ሲጠቁር ነው፤ ዘሩ በወረቀት ከረጢት በደረቅ ስፍራ ይቆይና በሰኔ ዝናቡ ሲጸና በመደቡ ላይ ይበተናል፣ አፈርም በስሱ ይለብሳል። ለመስጠት ሲታሰብ ተክሉ ከሥሩ አይነቀልም፤ ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ በስለታም ቢላ አግድም ሳይሆን ሰያፍ ይቆረጥና፣ ውኃ ውስጥ የሚገባው የአገዳው ክፍል ከቅጠል ይጸዳል። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውኃ ብዙውን ጊዜ ፍሎራይድ የተባለው ንጥረ ነገር ስለሚበዛበትና ይህም አንዳንድ የተቆረጡ አበቦችን ስለሚጎዳ፣ የተጠራቀመ የዝናብ ውኃ ይመረጣል። ማስቀመጫው ሃይላንድ እየተባለ የሚጠራው የፕላስቲክ ጠርሙስ አንገቱ ተቆርጦ ሊሆን ይችላል፤ እንዳይወድቅ ከሥሩ ጠጠር ይጨመርበታል፣ ውኃውም በየቀኑ ይለወጣል።

ውብ የሆነ ሁሉ ግን አይቆረጥም። በየመንገዱ ዳር ነጭ ጥሩንባ የሚመስል አበባ የሚያወጣው አስተናግር መርዛማ ነው፤ የቁልቋል ወተትም ዓይን ያቃጥላል፤ የመርሳት ሕመም ያለባቸው ሰዎች ደግሞ በእጃቸው የገባውን ወደ አፋቸው ሊወስዱ ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ1965 በኢትዮጵያ መገኘቱ የተመዘገበው በዚያው በዓለም ጤና ጎረቤት በቆቃ ሐይቅና በአዋሽ ወንዝ ላይ የሆነው እምቦጭ የተባለው ወራሪ የውኃ አረምም፣ ሐምራዊ አበባው ቢያምርም፣ ከቦታ ወደ ቦታ መጓዝ የለበትም። አስም ያለባቸው አረጋውያን መኖራቸውም ከመርጃ ማዕከሉ ነርሶች አስቀድሞ ሊጠየቅ ይገባል፤ ካሉም ብናኝ የሚበዛበትን አበባ ትቶ ቅጠሉ የሚሸተውን ማሰር ይሻላል። በማዕከሉ ግቢ ውስጥ መሬት ከተገኘ ደግሞ አንድ ሁለት መደብ እዚያው ቢዘጋጅና፣ አጎንብሰው መሥራት ለማይችሉት በወገብ ልክ ከፍ ቢደረግ፣ አረጋውያኑ ራሳቸው ዘሩን ይበትናሉ፣ ከመካከላቸው ገበሬ የነበረ ካለም አረሙን ከአደዩ የመለየቱን ሥራ ለእርሱ መተው ይበጃል።